ከሻላ እስከ አባ ሳሙኤል፦ የውኃ ወፎች መንደራቸውን የሚቀይሩት እንዴት ነው?

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ የባሕር ወፍ ግን አላት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ዝዋይ፣ ሐዋሳ ወይም ቆቃ ዳር ቆሞ ውኃውን ያስተዋለ ሰው ነጭና ግራጫ ሲጋሎችን፣ መንቁሩ ደማቅ ቀይ የሆነውን ካስፒያን ተርን፣ ዓሣ ሲያሳድዱ ቆይተው ክንፋቸውን ዘርግተው የሚያደርቁትን ኮርሞራንቶች በአንድ ሐይቅ ላይ ያገኛቸዋል። ከሲጋሎቹ ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት በአውሮፓና በሰሜን እስያ ነው፤ እዚያ በረዶ ሲገባ እዚህ በጋ ይጠብቃቸዋል። ጥቁር ራስ የሚባለው ትንሹ ሲጋል ለምሳሌ ከ1970ዎቹ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ብርቅ ነበር። ዛሬ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የበጋ እንግዳ ሆኗል። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአቃቂ ሰው ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ውኃ ከዙሪያው ረግረግ ጋር ለወፎች ልዩ ጠቀሜታ አላቸው ከተባሉ የአገሪቱ ቦታዎች አንዱ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ባሳተመው ዝርዝር እንዲህ ያሉ ቦታዎች 69 ናቸው። አባ ሳሙኤልን ከብዙዎቹ የሚለየው ሐይቁን የሠራው ሰው መሆኑ ነው። ግድቡ በ1930ዎቹ ከመሠራቱ በፊት እዚያ የነበረው ወንዝና መስክ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ውኃው ላይ የሚታየው ዳክዬ፣ ፔሊካንና ተርን ሁሉ ያን አዲስ ውኃ ፈልጎ ያገኘ መጤ ነው።

ታዲያ ወፎች አንድን ውኃ ሲመርጡ ወይም ጥለውት ሲሄዱ ምን አይተው ነው? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ውኃና ምግብ» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም ግማሽ ነው። በብዛት ተሰባስበው ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ሁለት ቦታ ይሻሉ፦ አንዱ ጅብና ቀበሮ የማይደርስበት የጎጆ መንደር፣ ሌላው ዓሣ የሚገኝበት ውኃ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ መገኘት የለባቸውም፤ ነገር ግን በአንድ ቀን በረራ ደርሶ መልስ መሆን አለባቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ምንም ሳይነካ ባዶ ይቀራል።

የዚህ ሁሉ ማስረጃ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አለ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። በውስጡ ያሉት ደሴቶች ገደላማ፣ ሰው የማይኖርባቸው፣ አውሬም ዋኝቶ የማይደርስባቸው ናቸው። ውኃው ግን ጨዋማ ነው፤ ዓሣውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከአጠገቡ፣ በጠባብ ኮረብታማ መሬት ተለይቶ የሚገኘው አብያታ ደግሞ የሻላ ተቃራኒ ነበር፦ ጥልቀት የሌለው፣ ደሴት አልባ፣ በቆሮሶ የተሞላ። ትልቁ ነጭ ፔሊካን ሁለቱን አጣምሮ ተጠቀመባቸው። በሻላ ደሴቶች ላይ በሺዎች ሆኖ እንቁላሉን ታቀፈ፤ ለምግብ አብያታ ወረደ።

ሌስሊ ብራውንና ኤሚል አርባን የተባሉ ሁለት የወፍ ተመራማሪዎች ይህን መንደር በ1960ዎቹ አጥንተው ውጤቱን በ1969 አሳተሙ። አርባን በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ጥናታቸው በአፍሪካ ስለ ፔሊካን እርባታ ከተጻፉት መሠረታዊ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ፔሊካን ከባድ ወፍ ስለሆነ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ መሄድ ያደክመዋል። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ሞቃት አየር ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር ያን ጠብቆ እየዞረ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ዓሣው ይንሸራተታል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ የሚያድገው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጫጩት ነው። ያም ለመብረር ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈጅበት ወላጆቹ ይህን ሁሉ ጊዜ ዓሣ እያመላለሱ ይቀልቡታል።

አብያታ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ውኃ የሚያገኘው በዋናነት ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ነበር። ዝዋይና ወንዞቹ ለመስኖ ሲጠለፉ፣ ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ሲቀዳ፣ ሐይቁ እየሸሸ ስፋቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ውኃ ሲያንስ ጨው ይበዛል፤ ቆሮሶም ጨውነቱን መቋቋም አቅቶት አለቀ። ፍላሚንጎዎች በጨዋማ ውኃ የሚበቅለውን ረቂቅ አልጌ ስለሚበሉ ያን ያህል አልተጎዱም። ዓሣ በሊታው ፔሊካን ግን ጉድ ሆነ። የሻላ ደሴቶች ያው ገደላማ፣ ያው ከአውሬ የተጠበቁ ናቸው። ዓሣ ያለበት ዝዋይ ግን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለራሱ ብቻ ለሚበላ ፔሊካን ይህ ርቀት ምንም ላይሆን ይችላል። በየቀኑ ደርሶ መልስ እየበረረ ጫጩት ለሚቀልብ ወላጅ ግን ከባድ ነው። የሻላ መንደር ክፉኛ ያሽቆለቆለው ደሴቶቹ ተነክተው ሳይሆን ከኮረብታው ማዶ ያለው ማዕድ ስለተነሣ ነው።

ፔሊካኖቹ ዓሣ ባለበት በዝዋይ ለምን አይሰፍሩም የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በዝዋይ ላይ ቱሉ ጉዶን የመሳሰሉት ትልልቅ ደሴቶች የዛይ ሕዝብ መኖሪያ፣ እርሻና ገዳም ናቸው። ጥቂት ትንንሽ ደሴቶች ለኮርሞራንትና ለመሰሎቹ ዛፍ ላይ ለሚሠሩ ወፎች ይበቃሉ። ፔሊካን ግን መሬት ላይ፣ በሺዎች ሆኖ፣ ሰውም ውሻም በማይረግጠው ቦታ መተኛት ይፈልጋል።

ከኢትዮጵያ ድንበር በስተደቡብ፣ በዚያው ስምጥ ሸለቆ፣ ታሪኩ በተገላቢጦሽ ተፈጽሟል። የኬንያው ናኩሩ ሐይቅ ዓሣ አልነበረውም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወባ ትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ ከማጋዲ ሐይቅ የመጣ፣ ጨው የሚችል ትንሽ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓይነት ተጨመረበት። ዓሣው በዛ፤ ፔሊካኖች ሰምተው የመጡ ይመስል ናኩሩን አጥለቀለቁት። በ1968 ደግሞ አጠገቡ ባለው በኤልመንታይታ ሐይቅ ድንጋያማ ደሴቶች ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። ከዚያ በፊት ኤልመንታይታ የፔሊካን መንደር አልነበረም። ደሴቶቹ ግን ባለቤት ነበራቸው፤ ትልቁ ፍላሚንጎ ይራባባቸው ነበር። ፔሊካኖቹ በብዛት ሲሰፍሩ ፍላሚንጎዎቹ ከቦታቸው ተገፉ። ለትንኝ ተብሎ በአንድ ሐይቅ የተለቀቀ ዓሣ በሌላ ሐይቅ አንዱን ወፍ አስፍሮ ሌላውን አፈናቀለ።

ወደ አዲስ ቦታ የሚሄዱት ወፎች እነማን ናቸው? የባሕርና የውኃ ወፎች በአብዛኛው ለተወለዱበት ቦታ ታማኝ ናቸው። አንድ ጊዜ ተሳክቶለት ጫጩት ያሳደገ ጥንድ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ጎጆውን ከቀድሞው አጠገብ ይሠራል። የሚንቀሳቀሱት ወጣቶቹ ናቸው። ፔሊካን ለመራባት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጅበታል፤ አልባትሮስ ከዚያም በላይ ይቆያል። በእነዚህ የጉርምስና ዓመታት ወጣቶቹ ከመንደር መንደር እየዞሩ ያያሉ። እየጎበኙ የሚያስተውሉት ጎረቤቶች ጫጩት ማሳደግ ተሳክቶላቸው እንደሆነ ነው።

በፈረንሳይ ብሪታኒ ገደሎች ላይ የሚራባ ኪቲዌክ የተባለ ሲጋል ይህን በግልጽ አሳይቷል። እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ የጠፋበት ወፍ ዙሪያውን ያሉት ጎረቤቶቹ ተሳክቶላቸው ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይመለሳል። ሁሉም የከሸፈበት ገደል ከሆነ ግን ይሰደዳል፤ ወጣቶቹም ወደዚያ አይመጡም። ስለዚህ አንድ መንደር ሲፈርስ ቀስ እያለ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሁለትና ሦስት መጥፎ ዓመታት ከተከታተሉ ሕዝቡ በጅምላ ይነቅላል። በሌላ በኩል ምቹ የሆነ ቦታ ለብዙ ዓመታት ባዶውን ሊቀመጥ ይችላል። ወፏ ቦታውን የምትመዝነው በሌሎች ወፎች ነው፤ በማያውቀው ከተማ ሰው የሞላበትን ምግብ ቤት መርጦ እንደሚገባ መንገደኛ። ማንም የሌለበት ደሴት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ያጠራጥራታል።

የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ዕድል ጠባብ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። አሥር ጥንድ ሆነው የሰፈሩ ተርኖችን አንድ ቁራ ወይም አንድ ጭልፊት በጥቂት ቀን ያጠፋቸዋል። ሺህ ጥንድ ሲሆኑ ግን በጩኸትና በጅምላ ጥቃት ጠላትን ያባርራሉ፤ የተወሰደባቸው እንቁላልም ከብዛታቸው አንጻር አይጎዳቸውም። አዲስ መንደር ብዙ ጊዜ ተሞክሮ፣ ከሽፎ፣ እንደገና ተሞክሮ ነው የሚጸናው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያቆመው እዚያ የተፈለፈለው ትውልድ ሳይሆን ከሌላ መንደር የሚጨመረው መጤ ነው።

ሳይንቲስቶች ይህን የወፎች ጠባይ ካወቁ በኋላ በዘዴ ተጠቀሙበት። አሜሪካዊው ስቲቨን ክሬስ በ1973 በሜን ግዛት ወደምትገኝ ኢስተርን ኤግ ሮክ ወደተባለች ትንሽ ደሴት ከኒውፋውንድላንድ ፓፊን የተባለ የባሕር ወፍ ጫጩቶችን ማጓጓዝ ጀመረ። ፓፊን ከደሴቲቱ በአደን ከጠፋ ወደ መቶ ዓመት ሊሆነው ነበር። ክሬስና ባልደረቦቹ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ 1,000 የሚጠጉ ጫጩቶችን በእጅ መግበው ለባሕር ለቀቁ። ያደጉት ሲመለሱ ግን ባዶ ዓለት አይተው እንዳይሄዱ የእንጨት ፓፊኖች ቀርጸው በዓለቱ ላይ አቆሙ። በ1981 እውነተኛ ጥንዶች ጎጆ ያዙ።

በዚያው በአሜሪካ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ደግሞ ዓላማው ማስፈር ብቻ ሳይሆን ማዛወር ነበር። በ1990ዎቹ ራይስ በተባለች ደሴት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ካስፒያን ተርኖች ሰፍረው ወደ ባሕር የሚወርዱትን የሳልሞን ግልገሎች ይበሉ ነበር። ባለሙያዎች ወደ ባሕሩ የቀረበችውን ኢስት ሳንድ የተባለች ደሴት አሸዋዋን ጠርገው፣ የተርን ምስል አቁመው፣ የተርን ድምፅ በድምፅ ማጉያ አሰሙ። እስከ 2001 ድረስ መንደሩ ጠቅልሎ ተዛወረ፤ ከምግባቸውም የሳልሞን ድርሻ ቀነሰ። ጃፓናውያን በበኩላቸው የአጭር ጅራት አልባትሮስ ዋና መኖሪያ የሆነችው ቶሪሺማ እሳተ ገሞራ ስለሆነች ሥጋት ገባቸው። ከ2008 እስከ 2012 ድረስ 70 ጫጩቶችን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሙኮጂማ አዛውረው እዚያ አሳደጉ። በ2016 በሙኮጂማ ላይ የመጀመሪያው ጫጩት ተፈለፈለ።

ማንም ሳያግዛቸው ሩቅ የተጓዙም አሉ። ፉልማር የሚባለው የሰሜን አትላንቲክ ወፍ በብሪታንያ ለብዙ ዘመን ከሴንት ኪልዳ ደሴቶች በቀር አይራባም ነበር። በ1878 በሼትላንድ ፎውላ ደሴት ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የአገሪቱን የባሕር ዳርቻ ዞረው። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ዓሣ ነባሪ አዳኞችና ዓሣ አጥማጅ መርከቦች የሚጥሉት የሆድ ዕቃ ነው። ይህን ምክንያት ለመረዳት ለሐዋሳ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አሞራ ገደል ዓሣ ከሚበለቱት ሰዎች እግር ሥር የማይጠፋው አባ ኮዳ፣ ባሕር ዳር ላይም ከጀልባ ጀርባ የሚከተለው ፔሊካን ያሳዩታል። ካስፒያን ተርን ደግሞ በ2016 በአላስካ ከዚያ በፊት ከሚታወቅበት ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ሲራባ ተገኘ። በዚያ ሰሜን በረዶው ቀድሞ እየቀለጠ ውኃው ለዓሣ አዳኝ የሚከፈትበት ጊዜ ረዝሟል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን የአቃቂና የበቾ ገበሬ በየማለዳው ከበሬው ኋላ የሚያየው ሳቢሳ ነው። ይህ ነጭ ወፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከአፍሪካ አትላንቲክን ተሻግሮ በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በሱሪናም አካባቢ ታየ። ነፋስ ገፍቶት ሊሆን ይችላል። የመጣበት መንገድ ግን መስፋፋቱን አያስረዳም። ያቆየው እዚያ ያገኘው ነገር ነው፦ ደን ተመንጥሮ ግጦሽ እየሆነ ነበር፤ ከብት ይረግጣል፣ ፌንጣ ይነሣል፣ ሳቢሳ ይለቅማል። በ1953 በፍሎሪዳ ጎጆ ሠራ፤ ዛሬ ከካናዳ ደቡብ እስከ አርጀንቲና አለ። ሳቢሳም ማታ ተሰባስቦ የሚያድር፣ በዛፍ ላይ በመንደር የሚራባ ወፍ ስለሆነ አንድ ጊዜ በቂ ቁጥር ከደረሰ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም።

አሁን ወደ አባ ሳሙኤል። ግድቡ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነበር። በ1970ዎቹ ደለልና የጥገና እጦት አቆሙት፤ በ2016 ታድሶ እንደገና ተነሣ። ለወፎች ወሳኙ ነገር የሐይቁ ጠርዝ ነው። ከላይ የሚመጣው ደለል ጥልቀት የሌለው ረግረግ ይፈጥራል። ይህም ጭቃ የሚቆፍሩትን ረጃጅም እግር ወፎች፣ ከሰሜን የሚመጡትን ዳክዬዎችና በበጋ በእርሻው ላይ የሚያርፉትን ክሬኖች ይስባል። ለዓሣ በሊታዎቹ ግን ደለል መልካም አይደለም፤ ፔሊካን በቡድን ግማሽ ክብ ሠርቶ ዓሣውን እያሰባሰበ የሚያጠምደው በተከፈተ ውኃ ላይ ነው።

ውኃውን የሚዘጋው ሌላው እንቦጭ ነው። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1965 በቆቃና በአዋሽ ላይ የታየው ይህ አረም አባ ሳሙኤልንም ይዞታል። እንቦጭ በተነጠፈበት ላይ ሳቢሳና መሰሎቹ እየተራመዱ ነፍሳት ይለቅማሉ፤ ከላይ ተወርውሮ ዓሣ የሚይዘው ተርን ግን የሚገባበት ክፍተት ያጣል። እንቦጩን የሚያደልበው ከአዲስ አበባ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ከቤት፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ቆሻሻ፣ ክሮሚየምን የመሳሰሉ ብረቶች ጭምር፣ በሁለቱ አቃቂዎች በኩል እዚያው ይጠራቀማል። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ታስቦ በ2018 የተመረቀው አዲሱ የቃሊቲ ማጣሪያ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ማጣሪያው የማይገባው ፍሳሽ መድረሻው ሐይቁ፣ ከሐይቁም አዋሽና ቆቃ ነው።

በእነዚህ ሁኔታዎች አባ ሳሙኤል ለብዙዎቹ የውኃ ወፎች የሚበሉበትና የሚያርፉበት ቦታ ነው። የመሬት ላይ ጎጆ ሠሪዎች መንደር ለመሆን የሚጎድለው የሻላ ዓይነት ደሴት ነው። በግድብ ውኃ ላይ ደሴት ቢኖርም ዋስትና የለውም፤ ውኃው ለተርባይን ሲለቀቅ ይወርዳል፣ ደሴቱ ከዳር ጋር ይገጥማል፣ ውሻና ጅብ በእግራቸው ይገባሉ። ዝናብ ሲበዛ ደግሞ ጎጆው ይጥለቀለቃል። በሌሎች አገሮች ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ከውኃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል፣ አሸዋ የተነጠፈበት ተንሳፋፊ መደብ ነው፤ ተርኖች በእንዲህ ያለ መደብ ላይ በደስታ ይሰፍራሉ። እስካሁን በተነገረው መሠረት ግን መደቡ ብቻውን አይበቃም። ዙሪያው የተከፈተ ውኃና ዓሣ ይፈልጋል፤ ዓሣው ደግሞ ከላይ የሚመጣው ፍሳሽ መቀነሱን ይጠብቃል።

በየዓመቱ ጥር ላይ በአፍሪካ ሐይቆችና ረግረጎች የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ ዌትላንድስ ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት ያስተባብረዋል። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ይሳተፍበታል። መነጽርና መታወቂያ መጽሐፍ ያለው የአቃቂ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ቆጣሪው ከቁጥር ሌላ የሚመዘግባቸው ነገሮች አሉ፦ ወፎቹ ጠዋት ከየት አቅጣጫ መጡ፣ ማታ ወዴት ሄዱ፣ እንጨት ወይም ሣር በመንቁሩ ይዞ የሚበር አለ ወይ፣ ወጣት ላባ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው። የአባ ሳሙኤል ቆጠራ ከቢሾፍቱ ጨለለቃ፣ ከቆቃ፣ ከዝዋይና ከሻላ ቆጠራ ጎን ተቀምጦ ሲነበብ ደግሞ በአንድ ሐይቅ ብቻ የማይመለስ ጥያቄ ይመለሳል፦ ከአንዱ ውኃ የታጡት ፔሊካኖች ሞተው ነው ወይስ ሌላ ቦታ ሰፍረው?